መንገዱ የማን ነው? ከፈረንሳይ ቦይ ዳር እስከ እህል በረንዳ

የመንገድ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የአሠሪው ስም ነው። ይህ ምኒልክ ያስጠረጉት ነው፣ ያ ጣሊያን ያወጣው ነው፣ ይህ ደግሞ የአውራ ጎዳና ሥራ ነው ይባላል። ማን ሄደበት? ምን ተሸክሞ ሄደበት? ኋላስ ማን መጥቶ «ዞር በል» አለው? የሚለው ግን እምብዛም አይጠየቅም። ታሪክ የአሠሪዎች መዝገብ ብቻ አይደለምና እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ የሄያጁን ወገን ይዘን ስለ መንገድ ልንጽፍ ወደድን።

ለዚህም ሁለት ቦታዎችን ጎን ለጎን እናቆማለን። አንደኛው የፈረንሳይ ገጠር ነው። በዚያ አገር መኪና ጨርሶ የማይገባባቸው፣ በአሮጌ ቦዮች ዳርና በተተዉ የባቡር መስመሮች ላይ የተዘረጉ ረጃጅም መንገዶች አሉ። ሰው በብስክሌት እየነዳ፣ ከጥንት ግንብ ወደ ጥንት ገዳም፣ ከወይን እርሻ ወደ ስንዴ እርሻ እያለ፣ ጥሩምባ ሳይሰማ ለቀናት ይጓዝባቸዋል። ሁለተኛው ቦታ መርካቶ ውስጥ ያለው የኛው እህል በረንዳ ነው። እዚያም ቢሆን መኪና እንደልቡ የማይሄድባቸው መተላለፊያዎች አሉ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ኩንታል የተሸከመ ሰው፣ ጆንያ የተጫነች አህያ፣ የእጅ ጋሪና ደላላ መንገዱን ሞልተውታል።

ታዲያ የፈረንጅ ሽርሽርና የመርካቶ ኩንታል ምን አገናኛቸው? ትሉን ይሆናል። የሚያገናኛቸው ነገር አለ። ዛሬ በፈረንሳይ የሽርሽር መንገድ የሆነው ሁሉ ትናንት የሸክም መንገድ ነበር። የተሸከመውም ከሁሉ በፊት እህል ነበር።

፩. የጎታቾች ዱካ

በደቡብ ፈረንሳይ የቱሉዝን ከተማ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ የሚያገናኝ፣ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ካናል ዱ ሚዲ የሚባል ቦይ አለ። ቁፋሮው በ1666 ተጀምሮ በ1681 አለቀ (በዚህ ጽሑፍ የፈረንሳይን ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን እንቆጥራለን)። በኛ አገር ጎንደር ላይ ዐፄ ዮሐንስ ጻድቁ የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። ሐሳቡን ያፈለቀውና ያስቆፈረው ፒየር ፖል ሪኬ የሚባል የጨው ግብር ሰብሳቢ ሲሆን፣ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1680 ሞተ። ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል። አፈሩን በአካፋና በቅርጫት ያወጡት እስከ 12,000 የሚደርሱ ወንዶችና ሴቶች ግን በቁጥር እንጂ በስም አይታወቁም።

ቦይ ሲቆፈር ከዳርና ዳሩ ላይ ደልዳላ ዱካ ይተዋል። ዱካው ለጌጥ የተሠራ አይደለም። በዚያን ጊዜ ጀልባ ሞተር የለውም፤ በረጅም ገመድ ታስሮ ከዳር ሆኖ የሚጎትተው ፈረስ ወይም በቅሎ ነው። በብዙ ቦዮች ላይ ደግሞ ከብት መግዛት ያልቻለ ባለ ጀልባ ራሱ፣ ሚስቱና ልጆቹ ጭምር ገመዱን በደረታቸው አጥልቀው ይጎትቱ ነበር። የካናል ዱ ሚዲ ዋና ጭነት የሎራጌ አውራጃ ስንዴና የታችኛው አገር ወይን ጠጅ ነበር። እንግዲህ ያ ዱካ በኛ ቋንቋ የሲራራ መንገድ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ጭነቱ ከከብቱ ጀርባ ወርዶ ውሃ ላይ መንሳፈፉ ብቻ ነው።

ከዚያ ባቡር መጣ። በ1850ዎቹ የባቡር ሐዲድ ከቦይው ጎን ለጎን ሲዘረጋ ጭነቱ ቀስ በቀስ ወደ ሐዲዱ ሄደ። በ1879 ደግሞ ፍሬሲኔ የተባለው ሚኒስትር ባወጣው ሰፊ ዕቅድ ባቡር ወደየወረዳው እንዲገባ ተወሰነ። የገጠር ከተሞች ሁሉ የየራሳቸው ጣቢያ አገኙ። ግን ለባቡርም ተራው ደረሰ። ካሚዮንና አውቶቡስ ሲበዙ፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ትናንሾቹ መስመሮች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ሐዲዱ ተነቀለ፣ ጣቢያው ተቆለፈ፣ መደቡን ቁጥቋጦ ወረሰው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ። ሥራ የጨረሰ መንገድ ምን ይሁን? ሊሸጥ፣ ሊታረስ፣ ቤት ሊሠራበት ይችላል። በብዙ ቦታ እንዲያ ሆኗል። በአንዳንድ ቦታ ግን መሬቱ ሳይቆራረጥ እንዲቆይ ተደረገ። በ1997 በቡርጎኝ አገር ከዢቭሪ ወደ ክሉኒ የሚወስደው የተዘጋ የባቡር መስመር አስፋልት ለብሶ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተከፈተ። በፈረንሳይ «አረንጓዴ መንገድ» ተብሎ የተሰየመ የመጀመሪያው መንገድ እርሱ ነው ይባላል። ክሉኒ በ910 የተመሠረተ ታላቅ ገዳም የነበረበት ከተማ ነው። መነኮሳቱ በእግር የተመላለሱበት ሸለቆ ባቡር ገብቶበት፣ ባቡሩም ወጥቶ፣ አሁን በብስክሌት ይታያል። በ2004 ደግሞ የአገሩ የመንገድ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ መንገድ ትርጉም ሰጠው፤ ሞተር የሌላቸው ተሽከርካሪዎች፣ እግረኞችና ፈረሰኞች ብቻ የሚሄዱበት መንገድ አለው። ፈረሰኛው አለመረሳቱን ልብ ይሏል።

እንዲህ ዓይነቱ መንገድ ለብስክሌት ለምን ተመቸ? ምክንያቱ የድሮው ሥራ ነው። ባቡር ዳገት አይችልም፤ መቶ ሜትር ሄዶ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ማለት እንኳ ያስጨንቀዋል። ስለዚህ መሐንዲሱ ተራራውን ይሰነጥቃል፣ ሸለቆውን ይደለድላል፣ መንገዱን ያለሳልሳል። የቦይ ዳር ዱካ ከዚህም ይብሳል። ውሃ ተኝቶ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ከፍታው የሚለወጠው ጀልባ ከፍ ዝቅ በሚልበት የውሃ በር አጠገብ ብቻ ነው። ካናል ዱ ሚዲ ከፍተኛው ቦታው ኖሩዝ ላይ ሲደርስ ከባሕር ወለል 189 ሜትር ብቻ ነው ያለው። ለፈረስ ድካም ተብሎ የተለሳለሰው መንገድ ዛሬ ለሽማግሌና ለሕፃን ጉልበት ሆነ። ከቱሉዝ ወደ ቦርዶ አቅጣጫ ያለው የጋሮን ቦይ ዳርም እንዲሁ ነው። በነገሥታት ግንቦች የታወቀውን የልዋር ወንዝ ተከትሎ እስከ አትላንቲክ ባሕር የሚዘልቀው 900 ኪሎ ሜትር ያህል የብስክሌት ጉዞ መስመር ደግሞ አንዳንድ ቦታ ጭር ባለ የገጠር መንገድ ላይ ከመኪና ጋር ቢገናኝም፣ ብዙው ክፍሉ ወንዙን ተጠግቶ የሚሄድ ለጥ ያለ መንገድ ነው።

፪. መንገድ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜም ያሻል

ብስክሌት በፈረንሳይ ሁለት ታሪክ አለው። አንደኛው የእሽቅድምድም ነው። በ1903 አንድ ጋዜጣ ገበያውን ለማድራት ብሎ የጀመረው ቱር ደ ፍራንስ ዛሬ ዓለም ያወቀው ነው። ሁለተኛው ብዙም የማይወራለት የጉዞ ታሪክ ነው። በ1890 የቱሪንግ ክለብ ተቋቋመ። በሳንቴትዬን ከተማ ደግሞ ቬሎሲዮ በሚለው የብዕር ስሙ የታወቀው ፖል ደ ቪቪ ስለ ብስክሌት ጉዞ መጽሔት እያሳተመ፣ ዳገት የሚያቀል ባለ ብዙ ማርሽ ብስክሌት እየሞከረ፣ «አትሽቀዳደሙ፤ አገር እዩ» የሚል ትምህርት ሲያስተምር ኖሮ በ1930 አረፈ።

ይሁን እንጂ ብስክሌት ያለው ሠራተኛ ሁሉ አገር ለማየት አይችልም ነበር። ብስክሌቱ ወደ ፋብሪካ መሄጃው ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚሠራ ሰው በየትኛው ቀኑ ልዋርን ይያት? ይህን የለወጠው ዓመት 1936 ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር፣ ከታላቅ የሥራ ማቆም በኋላ፣ የሌዎን ብሉም መንግሥት ለሠራተኛ ሁሉ ደመወዙ ሳይቆረጥ የሁለት ሳምንት የዓመት ዕረፍት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። የስፖርትና የመዝናኛ ኃላፊ የነበረው ሌዎ ላግራንዥ ቅናሽ የባቡር ትኬት አስፈቀደ፤ የወጣቶች ማደሪያ ቤቶች እንዲስፋፉ ረዳ። በዚያ ክረምት ወጣት ሠራተኞች፣ ባልና ሚስት ለሁለት በሚነዳ ብስክሌት ሆነው፣ ድንኳናቸውን ጭነው ወደ ገጠር ጎረፉ። ብዙዎቹ ባሕር ያዩት ያን ጊዜ ነው።

የሽርሽር መንገድ ታሪክ ከዚህ ሕግ ተነጥሎ ሊነገር አይገባውም እንላለን። ሰውየው ጊዜ ያገኘው ቀድሞ ነው፤ መንገዱ የተጠረገለት ኋላ ነው።

፫. በዚያው ዓመት፣ በአዲስ አበባ

ያ ዓመት በኛ አቆጣጠር 1928 ነው። 1928 ለኛ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሚያዝያ 27 ቀን የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሰኔ 13 ቀን፣ የፈረንሳዩ የዕረፍት ሕግ ወጣ። የፓሪስ ሠራተኛ ብስክሌቱን እየወለወለ ለጉዞ ሲዘጋጅ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ በገዛ ከተማው የት እንደሚቆምና የት እንደማይቆም ሌላ ሰው ይወስንለት ጀመር።

ከዚያ በፊት የከተማው ትልቅ ገበያ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ነበር። ወደዚያ ገበያ የሚመጣው ሁሉ የሚመጣው በእግር ወይም በከብት ነው። የሲራራ ነጋዴው ከጎጃም ተነሥቶ፣ አባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ በየኬላው ቀረጡን ከፍሎ፣ በየሰፈሩ ጭነቱን አራግፎ እያደረ ይደርሳል። ክረምት ሲገባ አባይ ሞልቶ መንገዱን ይዘጋዋል። አህያ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ኩንታል ብዙም ያልበለጠ ትሸከማለች፤ በቅሎ ከዚያ ትበልጣለች። ቅፍለቱን የሚመራው አለቃ ነጋድራስ ይባል ነበር። ይህ የመንገድ ስም በኋላ የሹመት ስም ሆነና የገበያው ሹም፣ ቀረጥ አስከፋዩና የነጋዴ ዳኛው ነጋድራስ ተባለ። በሌላ አነጋገር ገበያ ራሱ የመንገድ ልጅ ነበር ማለት ነው።

ጣሊያኖች ከተማዋን በዘር ለመክፈል ባወጡት ዕቅድ አራዳ ለነጭ እንዲሆን ወሰኑ፤ ፒያሳ የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ የተለጠፈ ነው። የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። ስሙንም «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት፤ የተወላጆች ገበያ ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ «ኢንዲጄኖ» የሚለው ስድብ ወደቀ፣ መርካቶ ቀረ። አካባቢውም አዲስ ከተማ ተባለ።

ወራሪው መሬቱን ቢቆርጠውም ውስጡን የሞላው ግን መንገደኛው ነው። የመርካቶን ስሞች ስሟቸው፦ ሸማ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ጎጃም በረንዳ፣ እህል በረንዳ። ግማሹ የዕቃ ስም ነው፤ ግማሹ ጭነት የመጣበት አገር ስም ነው። «በረንዳ» የሚለው ቃል ባዕድ ቢሆንም ሥራው የኛው ነው። መንገደኛ ጭነቱን የሚያራግፍበት፣ ሚዛን የሚሰቀልበት፣ ሲመሽም ማደሪያ የሌለው ጋቢውን ተከናንቦ ጎኑን የሚያሳርፍበት ደጅ ነው።

፬. ለገሃርና የተኛው ሐዲድ

ፈረንሳይና አዲስ አበባ በመንገድ ታሪክ ከተገናኙ ቆይተዋል። ለገሃር የምንለው ቃል ራሱ በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ነው፤ ላ ጋር። ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ሊዎን ሸፍኖ የተባለው ፈረንሳዊ ሸሪኩ ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር እስከ ሸዋ በግመልና በበቅሎ ስድስት ሳምንት ያህል የሚፈጀው ጉዞ በባቡር ሦስት ቀን ሆነ፤ ያውም ሌሊት ሌሊት ቆሞ እያደረ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዚህ የባቡር መስመር ላይ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተዋል፤ ድሬዳዋም ላይ ነጋድራስ ነበሩ። የቅፍለት አለቃ ስምና የባቡር ሥራ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ማየት ዘመኑ እንዴት እንደተጋጠመ ያሳያል። አሮጌው መንገድ ገና አላለፈም፤ አዲሱም ገና አልጸናም።

በዚህ ሐዲድ ላይ የደረሰው የፈረንሳይ ገጠር ባቡር ዕጣ ነው። ካሚዮን በረታ። ሐዲዱ አረጀ። በ2000 ዓ.ም. ግድም የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ክፍል አገልግሎቱ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ በሌላ መስመር፣ በሌላ ጣቢያ ነው። አሮጌው መደብ ተኝቶ ቀረ።

አንባቢ ሆይ፣ ያ መደብ የት የት እንደሚያልፍ ካርታ ገልጠህ ተመልከት። ከለገሃር ተነሥቶ አቃቂ፣ ከዚያ ቢሾፍቱ፣ ከዚያ ሞጆ፣ ከዚያ አዳማ። አቃቂን እንዳለፈ የሚያቋርጠው የአድአን የጤፍ ማሳ ነው። እህል በረንዳ ላይ ነጋዴው ማኛውን በመዳፉ ይዞ «የአድአ ነው» ብሎ የሚምልበትን ጤፍ ማለት ነው። የሲራራው ዱካ ለብስክሌት አይሆንም፤ በቅሎ ዳገት ስለማትፈራ ገደሉን ቀጥ ብሎ ይወጣዋል። ሐዲዱ ግን ፈረንሳይ እንዳለው ሁሉ ለባቡር ሲባል የተለሳለሰ ነው። አገሬው በሐዲድ ዳር በእግሩ መሄድን ያውቅበታል። የጎደለው ለዚህ ጉዞ ስም ሰጥቶ መሬቱን የሚጠብቅለት ነው።

፭. ኤንትሬ፣ ኬላና ኩሊ

ከጣሊያን በኋላ መንገዱን የያዘው ካሚዮን ነው። በተለይ ፊያት ኤንትሬ የሚባለው መኪና የሲራራውን ሥራ ጠቅልሎ ወሰደው። አንድ ኤንትሬ የሚጭነውን እህል ለማድረስ ምን ያህል አህያ ይሰለፍ እንደነበር አስቡት። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ መንገድ ሲባል የመኪና መንገድ ማለት ሆነ። እግረኛውና አህያ ነጂው ከመሐል ወደ ዳር፣ ከዳርም ወደ ቦይ ወረዱ።

ካሚዮንም ቢሆን ሁልጊዜ አልቀናውም። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬውና ከነጋዴው በኮታና በተቆረጠ ዋጋ እህል ይወስድ ነበር። እህል ካንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ እንዳያልፍ በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ሲራራ ነጋዴ ያውቀው የነበረው ኬላ ተመለሰ ማለት ነው፤ አሁን ግን ቀረጥ ከፍሎ ማለፍም የለም። እህል በረንዳ ያን ጊዜ ተዳከመ። በ1982 ዓ.ም. የእህል ንግድ ሲፈታ እንደገና አንሰራራ። መንገድ ማለት አስፋልቱ ብቻ እንዳይደለ፣ የሚያሳልፈውና የሚከለክለውም አብሮ እንደሚቆጠር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ዛሬ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም ሳይርቅ እህል በረንዳ የገባ ሰው ታሪኩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆሞ ያገኘዋል። ከጎጃም፣ ከአርሲ፣ ከሸዋ የመጣው ጤፍና ስንዴ ከአይሱዙ ይራገፋል። ከአይሱዙ እስከ መጋዘን ያለችው ግን የሰው ጀርባ ናት። ኩሊው መቶ ኪሎውን ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ እግሩን እያየ «ዞር በሉ! መንገድ!» እያለ ያልፋል። ከመጋዘን ወደ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ወደየሰፈሩ ደግሞ አህያ አለች። አንድ አገር ከሚያቋርጠው ጉዞ የመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ሜትሮች ገና ሞተር የላቸውም። መኪናውም፣ ደላላውም፣ ሚዛኑም የሚጠብቁት እሱን ነው። እሱ ግን በሕግ የታወቀ መሄጃ የለውም፤ መንገድ የሚያገኘው በጩኸት ነው።

፮. የኛ ብስክሌት

ብስክሌት ለኛ እንግዳ አይደለም። በኅዳር 1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። እነ ገረመው ደንቦባ በመንገድ ላይ እሽቅድምድም ተሰልፈው ቡድናቸው 9ኛ ሲወጣ፣ ገረመው በግሉ 24ኛ ሆነ። የቡድኑን ወርቅ የወሰደችው ያችው ፈረንሳይ ናት። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ገብረማርያም ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። መቼም በኪራይ ሳይክል ጉልበቱ ያልተላጠ የከተማ ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ባሕር ዳርን የመሰሉ ሜዳ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ደግሞ ብስክሌትን የሥራና የትምህርት ቤት መሄጃ አድርገው ኖረዋል።

አዲስ አበባ ግን ዳገት ናት፤ መኪናዋም አያስጠጋም። እንዲህም ሆኖ በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አንዳንድ ጎዳናዎችን በተመረጡ እሑዶች ከመኪና ማሳረፍ ተጀመረ። ለሞተር አልባ ጉዞ የሚሆን የአሥር ዓመት ስትራቴጂም ወጣ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት በደኑ ውስጥ የብስክሌት መንገድ ተዘጋጀ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል።

እነዚህን ነገሮች እኛ አንነቅፍም፤ እሰይ እንላለን። አንድ ነገር ግን ልብ ብለናል። እንጦጦ ከፓርኩ በፊትም መንገድ ነበረው። ቅጠልና እንጨት በጀርባቸው ጭነው፣ ጎብጠው፣ ቁልቁለቱን የሚወርዱት እናቶች ያወጡት ዱካ ነው። የባሕር ዛፉን ዘር ያስመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው ይባላል፤ ስሙ በታሪክ መጽሐፍ አለ። የተሸካሚዎቹ ስም ግን እንደ ሪኬ ቆፋሪዎች የትም የለም።

፯. ምን እንማር?

ከፈረንሳይ የምንማረው የአስፋልቱን ቀለም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እኛ እንደተረዳነው ትምህርቱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ መንገድ ሥራውን ሲጨርስ መሬቱን አለመበተን። አንድ የባቡር መደብ ቀጥ ብሎ ረጅም በመሆኑ ነው ዋጋ ያለው። አሥር ቦታ ላይ አጥር ከገባበት በኋላ ማንም መልሶ አይቀጥለውም። ከለገሃር እስከ አዳማ ያለው መስመር ገና ሊታሰብበት ይችላል፤ ነገ ግን ላይቻል ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጊዜ። የ1936ቱ ሠራተኛ መጀመሪያ ያገኘው ሁለት ሳምንት ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ሥራ የሚጀምር፣ የዕለት ገቢው በተሸከመው ኩንታል የሚቆጠር ሰው በተዘጋው ጎዳና ላይ እሑድ እንዲንሸራሸር ብንጋብዘው ግብዣችን ባዶ ነው። አንድ ቀን ካረፈ የአንድ ቀን እንጀራውን ያጣልና።

ሦስተኛው ዋናው ነው። በፈረንሳይ ብስክሌተኛው ወደ ቦይ ዳር የመጣው ጎታቹ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ማንንም ዞር በል አላለም፤ የሚያባርረው ሰው አልነበረምና። በኛ አገር ጎታቹ ገና ገመዱን አልፈታም። ስለዚህ መኪና የማይገባበት መንገድ ስንሠራ ብስክሌተኛውንና ሯጩን ብቻ ቆጥረን፣ አህያ ነጂውን፣ ባለ ጋሪውንና ኩሊውን «ለከተማዋ መልክ አይሆኑም» ብለን ካስወጣን፣ የፈረንሳይን መንገድ አልወሰድንም። በጣሊያኖቹ ካርታ ላይ የተሰመረውን መስመር ነው መልሰን ያሰመርነው። ያም ካርታ አንዱን ሰፈር ለመናፈሻ፣ ሌላውን ለተሸካሚ የመደበ ነበር።

የፈረንሳይ ሕግ እንኳ ከአረንጓዴ መንገዱ ላይ ፈረሰኛውን አላወጣም። የኛ ሕግ ደግሞ አህያዋን ቢያስገባ ምን ይጎዳል? በእህል በረንዳ መተላለፊያዎች ውስጥ ጠዋት ጠዋት ካሚዮን የማይቆምበት፣ መሬቱ የተስተካከለ፣ ክረምት ጭቃው የማያንሸራትት፣ ሸክም የያዘ ሰው ቅድሚያ ያለው መሄጃ ቢኖር አገሪቱ የመጀመሪያውን እውነተኛ ሞተር አልባ መንገዷን አገኘች ማለት ነው። ወጪውም ከድልድይ አይበልጥም። ከዚያ ወዲያ እስከ አዳማ በብስክሌት መሄዱም ይደረስበታል፤ የአድአን ጤፍ በማሳው ላይ እንዳለ ለማየት፣ የእህል በረንዳ ኩሊም ልጁን በስተኋላው ይዞ ያንን የተሸከመውን እህል አገር ለማሳየት።

ይህ ሐሳብ የመጨረሻ ቃል አይደለም። አንባብያን በየግቢያችሁ ተወያዩበት። አስተያየታችሁንም ጻፉልን፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ወደ ገበያ ስትወርዱ «መንገድ!» የሚል ድምፅ ከኋላችሁ ከሰማችሁ ዞር በሉለት።